አሻጊው ኦረስት

የእህቴ ባል ኦረስት ቀናተኛ ነው። ይህን የምለው ከኋላው አይደለም፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ። እሱም «ቀናተኛ አይደለሁም፣ ጠንቃቃ ነኝ» ብሎኛል። እህቴን ዞኒያን ያገባ ዕለት፣ አኮርዲዮን የሚጫወተውን ሰውዬ «ምን እያየሃት ነው የምትጫወተው?» ብሎ በገዛ ሠርጉ ላይ ሙዚቃ ያስቆመ ሰው ነው። ሰውየው አንድ ዓይኑ አያይም ነበር፣ ጤነኛውንም ቢሆን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳውም።

ሌላው ነገሩ ግን ወርቅ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በከተማችን ባቡር ጣቢያ የጭነት ክፍል ሠርቶ ጡረታ ወጣ። በካናዳ፣ በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ እንደኛ ባለች ትንሽ ከተማ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራው ሰማይ ማየት ነው፤ ኦረስት ደግሞ ሰማይ ማየት አይሆንለትም። ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ በር የሚዘጋና የሚከፍት ሆነ። ደግነቱ እህቴ የስኒ ንግዷን የጀመረችው ያኔ ነበር።

ንግዱ እንዲህ ነው። ሰው ከእናቱ የወረሰው ስኒ ይኖረዋል፤ ከስድስቱ አንዱ ይሰበርበታል። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! ያንኑ አበባ፣ ያንኑ የወርቅ ቀለበት ያለው ስኒ ከየት ይመጣል? ዞኒያ ናት የምታመጣው። በየገበሬው ቤት ጨረታ እየዞረች፣ ሽማግሌዎች ሲያልፉ የሚሸጠውን ዕቃ ትገዛና ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ትለጥፈዋለች። ከሃሊፋክስም ከፍሎሪዳም ያዟታል። ስኒው ሲደርሳት ስልክ ደውላ የምታለቅስ ደንበኛ አለቻት።

ማሸጉ የኦረስት ነበር። ከራት በኋላ ጠረጴዛው ይጠረጋል። እሷ በአንድ በኩል አበባ ከአበባ ታመሳስላለች፣ እሱ በሌላው በኩል በጋዜጣ እየጠቀለለ ካርቶን ውስጥ ይደረድራል። ሲያወሩ ያመሻሉ። ኦረስት ሌላ ጊዜ አያወራም እኮ። ቁርስ ላይ ያጉረመርማል፣ መኪና ውስጥ ዝም ይላል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ይተኛል። አፉ የሚፈታው እጁ ሥራ ሲይዝ ብቻ ነው። የእነሱ ትዳር ያ ጠረጴዛ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ንግዱ እያደገ ሲመጣ ግን ዞኒያን አጎበጣት። «ሁሉን ልሥራ ያለ ሁሉን ያበላሻል» አለችና ሥራውን ለሰው ታከፋፍል ጀመር። ሂሳቡን ለአንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ሰጠች፤ ኦረስት ምንም አላለም። የደንበኞችን ጥያቄ የምትመልስላት ሴት ከፊሊፒንስ ቀጠረች። እሷንም ወደዳት፤ «ጨዋ ሴት ናት፣ አትጮህም» አለ፣ በጽሑፍ ብቻ የምናውቃትን ሰው። ባለፈው ጸደይ ደግሞ ማሸጉን ለኖርበርት ሰጠችው። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው።

ኖርበርት በሚቀጥለው ከተማ የሚኖር ንብ አናቢ ነበር። ማሩን በጠርሙስ እያሸገ አገር ለአገር ሲልክ ኖሮ፣ ሚስቱ ስትሞት ንቦቹን ሸጠ። አሁን ያለው ባዶ ጋራዥና ጥሩ ማሞቂያ ነው። ረጅም ነው፣ ጸጉሩ አልሳሳም። ይህ ጸጉር ከዚያ በኋላ በእህቴ ቤት ብዙ ተነስቷል።

«ለምን?» አላት ኦረስት።

«ሥራው በዛ።»

«ከበዛ ጠዋትም ላሽግ።»

«አንተ ደግሞ ትንሽ እረፍ እንጂ።»

«ደከመኝ ያለሽ ማነው?»

እህቴ ውሸት አይሆንላትም፤ መዋሸት ሲኖርባት ተነስታ ዕቃ ታጥባለች። ያን ዕለት የታጠበውን ዕቃ እንደገና አጠበች።

ኦረስት ነደደ። ዞኒያ በሳምንት ሁለቴ ስኒዎቿን ጭና ኖርበርት ጋ ትሄዳለች። ስትመለስ እሱ መስኮቱ ላይ ነው።

«ቆየሽ» ይላታል።

«ትራክተር ፊቴ ገብቶብኝ።»

«ትራክተር ያስቃል እንዴ? እየሳቅሽ ነው የገባሽው።»

ኖርበርት ከተረፈው ማር ሲልክላቸው ኦረስት አይቀምስም፤ «ስኳር አለን» ይላል። እኔ ባሌ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ሳስካቱን ከተማ ነው፣ ከእነሱ ሁለት ሰዓት ያስነዳል። ደውሎልኝ የማያውቀው ሰውዬ በየቀኑ ይደውልልኝ ጀመር።

«ሉባ፣ እህትሽ ሽቶ ጀምራለች?»

«ኦረስት፣ እህቴ እኮ ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው።»

«እሱስ ስንት ነው?»

በመኸር የቤተክርስቲያኑ ራት ላይ እኔም ነበርኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ የቱርክ ዶሮው፣ ፐሮጊ የሚባለው ድንች የተሞላ ሊጥ፣ በጎመን የተጠቀለለው ሩዝ ዳር ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ኦረስት ሳህኑን ሞልቶ ሲመለስ ወንበሩ ላይ ኖርበርት ተቀምጧል። ኖርበርትና ዞኒያ አንገት ለአንገት ገጥመው ይስቃሉ፤ ዞኒያማ እንባዋን በናፕኪን ትጠርጋለች።

«ምንድነው የሚያስቃችሁ?» አለ ኦረስት፣ ሳህኑን እንደያዘ።

«የስኒ ነገር ነው፣ ና ተቀመጥ» አለው ኖርበርት ተነስቶ ቦታ እየለቀቀ።

«ስኒ አያስቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ጭነት አይቻለሁ፣ አንድም ጭነት አስቆኝ አያውቅም።»

ዞኒያ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ኦረስት ቁጭ ብሎ በላ፣ ግን ምን እንደበላ ቢጠየቅ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስንወጣ ኮቴን እያቀበለኝ ጠጋ አለ።

«ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው፣ ሉባ።»

«አሁን ምን ልሁንልህ?»

«አንድ ስኒ በሌላ ሰው ስም አስዢልኝ። ሲደርስ አብረን እንክፈተው። ያ ሰውዬ ማር እንጂ ስኒ አያውቅም፣ ተሰባብሮ ነው የሚመጣው። ያኔ ዞኒያ ራሷ ወደ ጠረጴዛዬ ትመልሰኛለች።»

ምን ነክቶኝ እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ጭቅጭቁ ሰልችቶኛል፤ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የኖርበርትን እጅ ለማየት እኔም ጓጉቼ ነበር። በምሠራበት ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ግዌን የምትባል ባልደረባ አለችኝ፣ የነገሯትን ሁሉ የምታምን ደግ ሴት። በስሟ አንድ ባለ ጽጌረዳ ስኒ አዘዘችልን። ግዌን ካርቶኑን ሳትከፍት ያመጣችልኝ ቀን ኦረስት ሁለት ሰዓት ነድቶ መጣ።

የወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዞረው። አንስቶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። ድምፅ የለም። እንደገና ነቀነቀው፣ አሁንስ በርታ ብሎ። ድምፅ የለም። ፊቱ ጠቆረ።

ሲከፍተው ካርቶን ውስጥ ካርቶን ነው። ጋዜጣው ተጨምድዶ ጥግ ጥጉን ሞልቶታል፣ እጀታው ለብቻው ተጠቅልሎ፣ ስኒው እንደ ሕፃን መሃል ተኝቷል።

«ይሄ እኮ የእኔ አስተሻሸግ ነው» አለ። «እሷ ናት ያስተማረችው። የኔን እጅ ለሱ አስተማረችው።»

ስኒውን አውጥቶ ስንጥቅ ፍለጋ ወደ መስኮቱ ያዘው። እጁን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ይንቀጠቀጣል። ጣቱ እጀታውን ሳተ፣ ሊይዘው ሲል የበለጠ ወረወረው፣ ስኒው የእቃ ማጠቢያዬን ጠርዝ መትቶ ለሁለት ተከፈለ።

«ሰብሮ ነው የላከው» አለ ኦረስት።

«ምን?»

«ተሰንጥቆ ነው የመጣው።»

«ኦረስት፣ አሁን፣ እዚህ፣ ከእጅህ ወደቀ። ዓይኔ እያየ።»

«ሉባ፣ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?»

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ቅሌታም፣ እንዴት በሰው ስም እንዲህ ትጫወታለህ ብዬ ጮህኩበት። እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ወለሉን ያያል። ስብርባሪውን ለቅሞ በካርቶኑ ይዞ ወጣ፤ ከእኔ ቤት በቀጥታ ግዌን ጋ ሄዶ «ተሰብሮ ነው የደረሰው ብለሽ ጻፊላት» አላት። ግዌን የነገሯትን ሁሉ ታምናለች ብያለሁ፤ ፎቶ አንስታ ለዞኒያ ጻፈችላት።

እስከ እሁድ ታገስኩ፣ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ካልደፈረሰ አይጠራም ብዬ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። ምሳ ቀርቦ ነበር። ዞኒያ ፊቷ ልክ አልነበረም፣ ድንቹን ትቆርጣለች እንጂ አትበላውም።

«ኖርበርት አንድ ስኒ ሰበረ» አለች ቆይታ። «ሳስካቱን ላለች ሴት የላከውን። ብነግረው ‹ዋጋውን እኔ እከፍላለሁ፣ አንቺ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ› አለኝ። ድምፁ ልብ ይነካ ነበር።»

ኦረስት ሹካውን አስቀመጠ። ደስታውን መደበቅ አልቻለበትም። እኔን አላየኝም፣ ሊያየኝም አልፈለገም።

«አላልኩሽም? ማርና ስኒ አንድ አይደለም። ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛውን እኔ እጠርጋለሁ።»

«እሺ» አለች ዞኒያ።

«እስካሁን ስንት ሰብሯል?»

«ይሄ የመጀመሪያው ነው።»

«የመጀመሪያው?» አለ ኦረስት። «ከጸደይ ጀምሮ?»

«ከጸደይ ጀምሮ።»

«እኔስ?»

ዞኒያ ተነስታ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ሄደች። ውሃ ከፈተች።

«ዞኒያ፣ እኔስ?»

ውሃውን ዘጋችው። ጀርባዋን እንደሰጠችን ነው የመለሰችለት። «ባለፈው የበረዶ ወራት የተሰበረ ያልተመለሰበት ሳምንት የለም። ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሌላ እየፈለግኩ እልክላቸው ነበር። አንተ እንዳትሰማ ምድር ቤት ወርጄ ነበር የምደውለው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ስለ እጅህ ሐኪም ጋ እንሂድ ስልህ ‹ብርድ ነው› አልከኝ። በሐምሌ ሙቀትም ብርድ ነው አልከኝ።»

«ታዲያ አሁን ከነገ ጀምሮ ስልሽ ለምን እሺ ትያለሽ?»

ዞረች። እያለቀሰች ነበር። «ስኒ ይሰበር። አንተ እንዲህ ሆነህ መስኮት ላይ ቆመህ ከማይህ፣ ያለኝ ስኒ ሁሉ ይሰበር።»

እኔ ልናገር የመጣሁት ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ኦረስት የፈለገው በእጁ ገብቷል፤ ዝም ቢል ጠረጴዛውም የሱ ነው፣ ኖርበርትም የለም። ተነሳና ግድግዳው ላይ ያለውን ስልክ አነሳ። ቁጥሩን ለመምታት ሦስቴ ሞከረ፤ ማናችንም አልረዳነውም።

«ኖርበርት፣ ኦረስት ነኝ። ስማኝ፣ ያ ስኒ በደህና ነው የደረሰው። የሰበርኩት እኔ ነኝ።» ዞኒያ በእርጥብ እጇ አፏን ያዘች። «አዎ፣ እኔ። ሳስካቱን፣ ሉባ ቤት። ታሪኩ ረጅም ነው፣ አያኮራም። አንተ አላረጀህም። በደንብ ነው የምታሽገው፣ ከእኔም... በደንብ ነው። ስኒውን አሽግ። ሚስቴን ግን አታስቃት።»

ከዚያ ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ጆሮው ቀላ። ደህና ሁንም ሳይል ስልኩን ሰቀለው።

«ምን አለህ?» አለችው ዞኒያ።

«‹የሚያስቃት እኔ አይደለሁም፣ አንተ ነህ› አለኝ። ‹እዚህ መጥታ ያንተን ወሬ ነው የምታወራኝ፣ ሌላ ወሬ የላትም› አለ።» ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አያት፤ ቅናቱ አሁንም አልወጣለትም። «ስለኔ ምንድነው የምታወሪለት?»

«ሁሉን።»

«ለምሳሌ?»

«ለምሳሌ ዶሮ ቤት የገባውን ቀበሮ በባቡር ፊሽካ ያባረርክ ዕለት።»

«በባቡር ፊሽካ!» አለ ኦረስት ወንበር እየሳበ። «ቀበሮው በፊሽካው አይደለም እኮ የሸሸው። ለሰው ካወራሽው አይቀር አስተካክለሽ አውሪው። መጀመሪያ የነቃሁት በዶሮዎቹ ድምፅ ነው...»

ዞኒያ እጇን በሽርጧ እየጠረገች አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ያወራል፣ በባዶ እጁ፣ ባዶው እጅ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ። አልደበቀውም። እሷ «አይ፣ ያኔ እኮ አንተ ሱሪ አላደረግክም ነበር» እያለች ታርመዋለች፣ እሱ ይቆጣል፣ ይቀጥላል። ኮቴን ለበስኩ። ልሂድ ብል አልሰሙኝም፣ እንደገና አላልኩም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ነዳሁ። እቤት ገብቼ መብራቱን አበራሁ፣ ያቺኑ አንዷን ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ። የባሌን ነገር የማወራለት ሰው የለኝም፤ ተሳስተሻል ብሎ የሚያርመኝም የለም። ስንት ወር በኦረስት ስስቅ ከረምኩ፣ ያን ቀን ግን እኔው ቀናሁ፤ በገዛ እህቴ ቀናሁ።