አባየ ክኒን የጾሙ ሰሞን

በጎንደር የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። ከኦፕራሲዮን በፊት ሰው ምን መድኃኒት እንደሚወስድ መጠየቅ እንጀራዬ ነው። ይህንን ጥያቄ ለገዛ አባቴ አለመጠየቄ ዛሬም ያበግነኛል።

አባየ የቡአ ኦፕራሲዮን ሊደረግላቸው ከኮሶዬ ወርደው እኔ ቤት አረፉ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። በመጡ በሦስተኛው ቀን ጠባያቸው ተለወጠ። ራሳቸውን ያዞራቸዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል፣ ያቀረብሁትን ሁሉ ይገፋሉ። የእኔም ቁጣ አፍንጫዬ ላይ ነውና «ምነው አባየ፣ እንደ ሕፃን ላባብልዎ እንዴ?» አልኋቸው። ምን ክፉ አፍ ነው የሰጠኝ!

የራሴን አባት እኔ ማደንዘዝ ስለማይገባኝ ቅድመ ምርመራውን ባልደረባዬ ያዘችልኝ። «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትላቸው ወደ እኔ አየት አድርገው «የለም» አሉ። ገባት። ካርዳቸውን አምጪ ብላ አስወጣችኝ።

ስመለስ ራሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ነገሩኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የድብርት ክኒን ይወስዱ ኖሯል። በየወሩ ጎንደር እየወረዱ፣ እኔን ሳያዩ ይመለሱ ኖሯል። ለኦፕራሲዮኑ ደግሞ ልክ እንደ ቁርባን ተዘጋጁለት፤ ከቤት ሳይነሱ ጀምረው ጠዋት ጠዋት ጸበል እየጠጡ ክኒኑን ጾሙ።

«ቢላዋ ስር የሚገባ ሰው ንጹሕ ሆኖ ነው» አሉ። «ደግሞስ፣ ሐኪም ቤት የምትሠራ ልጅ አባቷ አእምሮውን ታመመ ትባል?»

ያ ክኒን በድንገት ሲተው ሰውን ያናጋል። ተደብቆ ሲወሰድ ደግሞ ከአንዳንድ ማስታገሻችን ጋር ተጋጭቶ ሊገድል ይችላል። «ምሥጢርዎ እርስዎን ሊነጥቀኝ ነበር» ብዬ አለቀስሁ። ቡአው የሚያጣድፍ ስላልነበር ቀኑ ተራዘመ። የአእምሮ ሐኪማቸው ክኒኑን መልሶ አስጀመራቸው፤ የኦፕራሲዮኑ ዕለት ጠዋትም በአንድ ጉንጭ ውሃ እንዲውጡት ተነገራቸው። የማይስማማው ማስታገሻም በካርዳቸው ላይ በቀይ ተጻፈ።

የዚያ መጠበቂያ ሰሞን ናፍቆት አይለቀኝም። ከሥራ ስወጣ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ማኪያቷቸው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ጨምረው «ይኼስ ሸጋ ነው» ይላሉ። ስለ እናቴ ያወራሉ፤ ገብሱ ደርሶ ሳለ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን ጠዋት ሁሉ ነገሩኝ። አሁን እሳቸው የሉም፤ በዚያ በር ሳልፍ ግን ዓይኔ ዛሬም ይፈልጋቸዋል።

ያኔ ግን ኦፕራሲዮኑ በሰላም አለቀ። በማግሥቱ የኮሶዬ ጎረቤቶች አልጋቸውን ከበው ሳለ አባየ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልጄ፣ የድብርት ክኒኔን አቀብይኝ» አሉ። አቀበልኋቸው፤ ሁሉም እያየ ዋጡት።

ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከጠያቂዎቹ አንዱ ሽማግሌ ኮሪደሩ ድረስ ተከተሉኝ። ግራ ቀኙን አይተው «ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ያ ክኒን ለእኔስ ይሆን?»

«ይምጡ አያ፣ እንቀመጥ» አልኋቸው።