የእናቴ የገብስ አጥሚት

ልጅነቴ ግማሹ ሕልም ነው። ሆዴ ተነፍቶ፣ እግሬ ሰልሎ፣ ፍል ውሃ በሚፈልቅባት በሀገረ ሕይወት ከተማ ባለው ቤታችን ደጃፍ ቁርበት ላይ እተኛለሁ። ፀሐይ ፊቴ ላይ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። የፍል ውሃው እንፋሎት ይሁን የዐይኔ ብዥታ ሳልለየው ዛፎቹ ይንሳፈፉብኛል። ከዚያ ብዥታ ውስጥ የእናቴ እጅ ብቅ ይላል፤ በእጇ ጣሳ፣ በጣሳው ቅቤ የገባበት የገብስ አጥሚት።

"ገብስ የእህል ንጉሥ ነው፤ ያቆምሻል" ትለኛለች። እኔ በከሳሁ ቁጥር እሷ አጥሚቱን ታወፍረዋለች። ጠዋት አጥሚት፣ ቀን በሶ፣ ሲላት ደግሞ በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ። ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች እንዲሁ ሆዳቸው ተነፍቶ ቀብራለች። ጎረቤቱ "ቡዳ ነው" ቢላትም እሷ እኔን ማጉረሷን አልተወችም።

አንድ ዓመት መስከረም ላይ አክስቴ በበቅሎ አፈናጣ ወሰደችኝ። ቤቷ ከካቺሲ ከተማ ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ነው፤ የሚበላው ጤፍና በቆሎ ብቻ። እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው እግሬ ጸና። ከቤቷ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ቆሜ ደመና ከበታቼ ሲያልፍ አይ ነበር፤ ዛሬም በውኔ ይሁን በሕልሜ እጠራጠራለሁ። ስመለስ እናቴ በደስታ አለቀሰች። "አየሩ ተስማማሽ" ብላ ጭኮ አቀረበችልኝ። ሳይውል ሳያድር ተመልሼ ቁርበቴ ላይ ወደቅሁ።

እንዲህ ስወድቅ ስነሣ አድጌ አስተማሪ ሆንኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ አንድ ሐኪም የአክስቴን ቤት ታሪክ ደጋግሞ ጠየቀኝና፣ "ሆድሽ ከስንዴና ከገብስ ጋር ተጣልቷል፤ ዕድሜ ልክሽን አይታረቁም" አለኝ።

ዛሬ ሰው ቤት ስገባ እንጀራው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ሳልጠይቅ አልቆርስም። ጠላ ብቅሉ ገብስ ስለሆነ አልቀምስም፤ ጠጅ ካለ ግን እምቢ አልልም። "ጠላ የናቀች እመቤት መጣች" ይሉኛል። ይበሉ፣ ሆዱ የእኔ ነው። "በሞቴ" እያሉ የሚያጎርሱኝን ግን እጃቸውን ይዤ ወደ ራሳቸው አፍ እመልሰዋለሁ።

ሐኪሙ ይህን በነገረኝ ዕለት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ስመለስ የጨነቀኝ ግን የምበላው አልነበረም። እናቴ ነበረች። ገብሱ ነው ብላት ስለ ሁለቱ ልጆቿ ምን ልትል ነው?

ደጃፉ ላይ ጣሳዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

"አልጠጣም እማዬ። ሐኪሙ ገብስ አይስማማሽም አለኝ።"

እናቴ ጣሳውን አየችው። ሲጨንቃት ኦሮምኛው ይቀድማታል፤ "ኢንተላ ኮ" አለች፣ "ልጄ፣ ለእነሱም እኮ ይህንኑ ነበር የማጠጣቸው።"

"የእነሱ ሌላ በሽታ ነው። ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ" አልኳት። አልጠየቅሁትም።

አጥሚቱን ውጪ ደፋችው፤ ጣሳውን ማጠብ ጀመረች። ፊቷን ሳታዞር፣

"ውሸት አታውቂበትም" አለችኝ። "ቢሆንም እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገምኩላት።