ምላጭ የነካው እግር

መጀመሪያ ያየሁት ከአጎቴ ጉልበት በላይ የተለጠፈችውን የሶፍት ቁራጭ ነው። መሃሏ ላይ የደም ነጥብ አለ። የደንበኛ አገጭ ሲቧጨር የሚለጥፋት ዓይነት ናት፤ አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው።

ነርሷም አየቻት። ጋውኑን ገለጥ አድርጋ ከብሽሽቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተመለከተች። አንድ ፀጉር የለም። ቆዳው እንደ ታጠበ ብርጭቆ ያብረቀርቃል፤ እዚህም እዚያም ግን ቀያይ ጭረት።

«አባባ፣ ማን ነው የላጨዎት?»

«እኔው ነኛ፤ ሥራ ላቅልላችሁ ብዬ። ምላጩ አዲስ ነው፣ አትስጊ።»

«ምላጭ እንዳያስነኩት ብለን አልነበር?»

«ያልሽው እጁ ለሚንቀጠቀጥ ሰው መስሎኝ።»

ቀዶ ሐኪሙ ተጠራ። ወደ አጎቴ እግር ደም የሚያወርደው ሥር ተዘግቷል። ደሙ የተዘጋውን አልፎ እንዲወርድ፣ ከብሽሽቱ ጀምሮ ተከፍቶ ሌላ ቧንቧ ሊቀጠልለት ተራ ደርሶት ነበር። ሐኪሙ ጭረቶቹን በዓይኑ ተከተላቸውና ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ አይሆንም። በነዚህ ጀርም ይገባል። ብሽሽት እንኳን ተቧጭሮ እንዲሁም ቶሎ ያመረቅዛል፤ ስኳርም አለብዎት። ቧንቧው ከተመረዘ ደግሞ የምናጣው እግሩን ብቻ ላይሆን ይችላል።»

ከሽፋሽፍት የቀጠነች ጭረት ሰው ልትገድል እንደምትችል ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ደጋግሜ አየኋት።

«ጣቴስ?» አለ አጎቴ። ትንሿ የእግር ጣቱ መጥቆር ጀምራለች።

«እሷ ናት የምታስቸኩለን። ግን ቆዳው ይዳን። ጥቁረቱ ከጨመረ ወይም እግርዎ ከቀዘቀዘ በዚያው ሰዓት ይምጡ።»

አልጋው ወዲያው ለሌላ በሽተኛ ተሰጠ። አጎቴ ሱሪውን እያጠለቀ አጉተመተመ።

«ስንት አገጭ በዚህ እጅ አልፏል። አመረቀዘብኝ ብሎ የመጣ የለም።»

«ጋሼ፣ አገጭ ውስጥ ቧንቧ አይቀበርም።»

«አንተ ግጥምህን ጻፍ።»

በሩ ላይ ታክሲ ልጥራ ብዬ ክርኑን ብይዘው መነጨቀኝ። «ገና አልተቆረጠም» አለኝና ቁልቁለቱን በእግሩ ወረደ። ብዙም ሳይሄድ ባቱን ያዘው መሰለኝ፣ የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ቆመ። ልደርስበት ስል በእጁ ባለህበት ብሎኝ፣ ዞር ሳይል፣ ያንን እግሩን እየጎተተ ቀጠለ።