ጥርስ የነከሰው ትራምፔት ነፊ

አንድ ሰው ሙያውን ጠንቅቆ ሲያውቅ «ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው» ይባላል። ጋሽ ቧንቧም በቧንቧ ሥራ ጥርሱን ነቅሏል ሲባል ኖሯል። ነገሩ ቃል በቃል የተፈጸመው ግን አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰው ማድ ቤት፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ተንጋልሎ ሳለ ነው።

ሁለት እጁ ሥራ ይዞ ስለነበር የፈታትን ትንሽ ዳዶ በጥርሱ ነክሷታል። የቆየ ልማዱ ነው። የዛገው ማሰሪያ አልላቀቅ ሲለው መፍቻውን ጨብጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ፤ ማሰሪያው ድንገት እሺ አለና መፍቻው እንደ መጣ አፉ ላይ አረፈ። ዳዶዋ በአንድ በኩል፣ የላይኛው የፊት ጥርሱ በሌላ በኩል ወደቁ።

«ምን ተሰበረ?» አለች የቤቱ እመቤት ከሳሎን።

«የእኔ ነው፤ የእርስዎ አይደለም» አለ። «እርስዎ» ሲል ከአፉ ፉጨት አብሮ ወጣ። ራሱም ደንግጦ ዙሪያውን አየ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ልብስ መስፊያዋ ላይ ነበረች። መሐረቡን ከአፉ አንስታ አየችው፤ ደሙ መቆሙን፣ ከንፈሩ አለመተርተሩን አረጋገጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሳቋ የመጣው።

«ሳቂ፣ ሳቂ» አላት። ሁለቱም «ሳ» ፉጨት ስለነበሩ ጭራሽ ባሰባት።

«ይቅር በለኝ፤ እስቲ ሳሙና በል» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

አላለም። ቅዳሜ ትዝ ብሎት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት የኦርኬስትራው ልምምድ ነው። ኦርኬስትራው የሠፈር ሰዎች ስብስብ ነው፤ የሚከፈለው የለም፣ የሚቀርም የለም። የትምህርት ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ይቀመጣሉ። ክላርኔት የምትነፋው ሴት ፋርማሲ አላት፤ በልምምድ መሀል ስልኳ ሲጠራ «ከምግብ በኋላ፣ ከምግብ በኋላ» ብላ ዘግታ ቦታዋን ሳትስት ትቀጥላለች። ሰው የሚያህለውን ትልቁን ቤዝ የሚጫወተው ባለታክሲ ነው። ቤዙን በጥቁር ልብሱ ሸፍኖ ከታክሲው ጣራ ላይ ሲያስር፣ መንገደኛው ሬሳ መስሎት ቆቡን ያወልቃል፣ ሹፌሩም መንገድ ይለቃል። «በሕይወት ያለ ሰው ጭኜ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም» ይላል ባለታክሲው። መሪያቸው በሥራ ቀን ሒሳብ የሚያስተምር ቀጭን መምህር ነው። ግራ መዳፉን ወደ መሬት ዘርግቶ «ዝቅ፣ ዝቅ» ማለት ይወዳል። ዝቅ የሚባለው ደግሞ በብዛት ጋሽ ቧንቧ ነው፤ ትራምፔቱን ሲነፋ መስኮቱ ይነዝራል።

በወሩ መጨረሻ ኮንሰርት አለ። ከሚጫወቷቸው አንዱ ለስለስ ያለ የማታ ዜማ ነው፤ ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ዝም ይላሉ፣ ቤዙ አንዲት ወፍራም ድምፅ ይዞ ይቀራል፣ ከዚያ ትራምፔቱ ብቻውን ይገባል። ጋሽ ቧንቧ በሕይወቱ ሶሎ ሲሰጠው ይህ የመጀመሪያው ነው። ኖታውን መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ሚስቱም ኖታ ሳታነብ በቃሏ ይዛዋለች።

የጥርስ ሐኪሙ አፉን አይቶ «ድዱ ሳይሽር ጥርስ አላስገባም» አለው። የሰጠው ቀጠሮ ከኮንሰርቱ በኋላ ነበር።

ጋሽ ቧንቧን ያስፈራው ሕመሙ አይደለም። ከእሱ በፊት በኦርኬስትራው ትራምፔት ይነፋ የነበረው የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ነገር ነው። የፖስተኛው ጥርስ ሲረግፍ ማንም ሂድ አላለውም፤ አበባ ሰጡት፣ አጨበጨቡለት፣ ከዚያ ከኋላ አስቀምጠው ትሪያንግል የምትባለዋን ትንሽ ብረት አስያዙት። ሽማግሌው ጥቂት ቅዳሜ እየመጣ ብረቷን ቲን አድርጎ ሄደ። ኋላ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ብረቷ ዛሬም አዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥላለች።

ስለዚህ ጋሽ ቧንቧ አፉን ሊዘጋ ወሰነ።

ችግሩ አፉን የዘጋበት ሳምንት ነው። ባለፈው ቅዳሜ መምህሩ በሰው ፊት አቁሞት «ጋሼ፣ ይህ ሰው ማስተኛ ዜማ ነው እንጂ የእሳት አደጋ መኪና አይደለም» ብሎት ነበር። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አብልጦ የሳቀው ራሱ ጋሽ ቧንቧ ሲሆን፣ በሩን ሲወጣም ነገሩን ረስቶታል። ሌላው ግን አልረሳም።

ቅዳሜ ሲመጣ ለሰላምታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ቀልድ ሲነገር አልሳቀም። ትራምፔቱን አንስቶ ከንፈሩን አስጠጋ እንጂ ትንፋሽ አልሰጠውም፤ ሶሎው ሲደርስ ጉሮሮውን በእጁ ይዞ «ዛሬ አይሆንልኝም» የሚል ምልክት አሳየ። መምህሩ የመምሪያ ዱላውን ዝቅ አደረገና ወደሚቀጥለው ዜማ አለፈ።

በዕረፍቱ ሁለተኛ ትራምፔት ነፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ መምህሩን ጥግ ያዘው።

«ሐሙስ ዕለት ጢሙን ላጨሁት» አለ። «አንድ ቃል አልወጣውም። የእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ያለ ሰው ወይ ሞቷል፣ ወይ ተቀይሟል። ትንፋሹን ሰምቻለሁ፤ አልሞተም።»

«በእኔ ነው» አለ መምህሩ ፊቱ አመድ መስሎ። «የእሳት አደጋ ማለት አልነበረብኝም። ሰውዬው ጥርስ ነክሶብኛል።»

ሰኞ አመሻሹ ላይ የጋሽ ቧንቧ በር ተንኳኳ። ባለታክሲውና ፀጉር አስተካካዩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ሙዝ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ሚስትየዋ አስገባቻቸው። ጋሽ ቧንቧ ከሶፋው ተነስቶ እጃቸውን ጨበጠ፣ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ተቀመጠ።

«ወንድሜ» ጀመረ ባለታክሲው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «አብሮ የኖረ ጥርስና ምላስ እንኳን ይጋጫል።»

ሚስትየዋን አሳላት። ብድግ ብላ ውኃ ልታመጣ ገባች።

«ልክ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ጥርስ ምላስን ነከሰ ተብሎ ከአፍ አይወጣም።»

ማድ ቤት ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሲወድቅ ተሰማ። ሴትዮዋ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ እንግዶቹ ሐዘን መሰላቸው።

«እህቴ፣ በቤትም እንዲሁ ነው?» ብሎ ጠየቃት ባለታክሲው በለሆሳስ።

«በቤትም ዝም ነው። እሱ ዝም ሲል ግን ቤቱ ሰፋ።»

«ሆዱ ውስጥ ምን አለ?»

«ሆዱ ውስጥ ምንም የለም፣ ቂም አያውቅም። ትንሽ የጎደለበት ነገር ስላለ ነው።»

«የጎደለውንማ እንሞላለን» አለ ባለታክሲው ደረቱን እየመታ። «የመጣነውም ለዚሁ ነው። መምህሩ በጣም ነው የተጸጸተው። ይቅርታ ይሁንህ ብሎ የማታውን ዜማ ሁለት ጊዜ እናስኬደዋለን ብሏል። ሶሎውን ሁለት ጊዜ ትነፋዋለህ።»

ጋሽ ቧንቧ አፉ ሊከፈት ሲል ለጥቂት በእጁ ያዘው። ዓይኑ ውኃ ሞላ።

«አየኸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ። «ሆደ ቡቡ ነው እኮ፤ እኛ ነን ያላወቅነው።»

እንግዶቹ ሲሄዱ ሚስትየዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠችው፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ሲበቃት መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ንገራቸው» አለችው። «ይህ ሁሉ ሙዝ ለምን?»

«ትሪያንግል ይሰጡኛል።»

«ይሰጡኛል» ሲል እንደ ወትሮው አፏጨ። በዚህኛው ጊዜ አልሳቀችም። ሙዝ ልጣ ሰጠችው፤ በጎን ጥርሱ ሲገምጣት አየችው።

«የወደቀው ጥርስህ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጆሮህ በቦታው አለ። ትራምፔቱን ሥራ ቦታ ውሰደውና ሞክረው። እዚህ አይሆንም፤ ጎረቤት አለ።»

በማግስቱ ትራምፔቱን ከመፍቻዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ ከትቶ ሄደ። ሥራው ገና ያላለቀ ፎቅ ላይ ነው፤ በርና መስኮት የሌላቸው መታጠቢያ ቤቶች፣ ከግድግዳው ጫፋቸው የወጣ ቧንቧዎች። በምሳ ሰዓት ሰው ሲወርድለት አንዱ ውስጥ ገብቶ ነፋ። የወጣው ፍስስስ የሚል ነው። እንደ ልማዱ ጠንከር አድርጎ ነፋ፤ ፍስስታው ጠነከረ እንጂ ዜማ አልሆነም። ከንፈሩ በክፍተቱ እየገባ አመመው።

ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ አንድ የሚያፈስ ቧንቧ ቢያጋጥመው ምን እንደሚያደርግ አሰበ። ግፊት አይጨምርበትም። ይቀንሳል፤ ከዚያ መገጣጠሚያውን አዙሮ ያያል። የትራምፔቱን አፍ ከክፍተቱ ፈቀቅ አድርጎ ጥርስ ባለበት በኩል አስደገፈው። ትንፋሹን በጣም ቀነሰ፤ ለሕፃን ትኩስ ምግብ ሲያበርዱ እንደሚነፉት ያህል። መጀመሪያ ምንም፤ ቀጥሎ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ ወጣ። ባዶው ክፍል ድምፁን ተቀብሎ መለሰለት። የእሱ አልመስል አለው።

ሳምንቱን ሙሉ ምሳውን ትቶ እዚያው ነፋ። ከፍ ያሉት ድምፆች እምቢ እንዳሉ ቀሩ። የማታው ዜማ ሶሎ ግን ከፍ አይልም።

ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ ሰው ሁሉ በዓይኑ ጥግ ያየው ነበር። ለአስታራቂዎቹ አንገቱን ነቀነቀላቸው፤ ባለታክሲው «ሆነ» ብሎ ለክላርኔቷ ሴት ጠቀሳት። የማታው ዜማ ተጀመረ። ቫዮሊኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፤ ቤዙ ድምፁን ይዞ ቀረ። ጋሽ ቧንቧ ትራምፔቱን ወደ ጉንጩ ጠጋ አድርጎ ተነፈሰ።

የመምህሩ ግራ መዳፍ «ዝቅ» ሊል እንደ ልማዱ ተዘርግቷል። ዝቅ የሚያደርገው ነገር አጣ። መዳፉ አየር ላይ እንዳለ ቆመ። ድምፁ ከአዳራሹ ጫፍ የመጣ ይመስላል፤ ከራርሞ ቤቱ የሚመለስ ሰው በር ከማንኳኳቱ በፊት ቀስ ብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው። የፋርማሲዋ ስልክ ጠራ፤ ሳታነሳው ዘጋችው።

ሲያልቅ መምህሩ ዱላውን አስቀምጦ በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎከለከለ ወደ እሱ መጣ።

«ጋሼ፣ ይህንን ስጠብቅ ነው የኖርኩት» አለው። «ያለፈውን ይቅር ይበሉኝ። በሰው ፊት ያስቀየምኩዎትን በሰው ፊት ነው ይቅርታ የምጠይቀው።»

ይህን ያህል ከተባለ ወዲያ ራስ ነቅንቆ ማለፍ ነውር ነው።

«ኧረ እኔ አልተቀየምኩም፤ ያን ዕለት ስቄ ስቄ ነው የረሳሁት» አለ ጋሽ ቧንቧ።

ሁለቱ «ስቄ» በአዳራሹ ውስጥ እንደ ወፍ አፏጩ።

ፀጉር አስተካካዩ ዞር ዞር ብሎ አየ። «ምንድን ነው ያፏጨው?»

ጋሽ ቧንቧ ሌላ መንገድ አልነበረውም። አፉን ከፍቶ አሳያቸው።

መጀመሪያ የሰማው የባለታክሲውን ድምፅ ነው። «መምህር» አለ ቤዙን ተደግፎ፣ «ጥርስ ነክሶብኛል አላሉም ነበር? በየትኛው ነው የነከሰብዎት?»

ከዚያ አዳራሹ ፈረሰ። የቫዮሊኖቹ ረድፍ እርስ በርሱ ተደጋገፈ፤ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። «ሙዜን መልስ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ጋሽ ቧንቧም አብሯቸው ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ሳያስበው ወደ ግድግዳው፣ ምስማሩ ላይ ወደ ተንጠለጠለችው ብረት ሄደ። መምህሩ ዓይኑን ተከትሎ አየ። ሳቁን አቆመ።

«ጥርሱን መቼ ነው የሚያስገቡት?»

«ሐኪሙ ከኮንሰርቱ በኋላ ነው ያለኝ።»

«ሐኪሙ ጥሩ ጆሮ አለው» አለ መምህሩ። «ቦታዎ ላይ ይቀመጡ።»

ጋሽ ቧንቧ ግን አልተቀመጠም። የመዝጊያው የሰልፍ ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ከፍ ያለው ደግሞ ለጊዜው የለም። ያን ክፍል በጣም ይወደዋል፤ መስኮቱ የሚነዝረው በእሱ ነው። ኖታውን ከማስቀመጫው አንስቶ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠው።

«ይህን አንተ ጩኽበት።»

ፀጉር አስተካካዩ ወረቀቱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለ። «ዕድሜዬን ሙሉ ዝቅ በል የሚለኝ ጠፍቶ ነው የኖርኩት» አለ።

በኮንሰርቱ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሚስትየዋ ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ሽማግሌ አለ፤ ጋሽ ቧንቧ ራሱ ቤቱ ድረስ ሄዶ የጋበዘው ያ ፖስተኛ ነው። ወገቡ ደህና ነበር። በሌላ ጎኗ የማታውቃት ሴት ተቀምጣለች።

የማታውን ዜማ ሁለት ጊዜ ተጫወቱት። አንዴ የተሰጠ ይቅርታ አይመለስም ብሎ መምህሩ ስላልሰረዘው ነው። በሁለተኛው ሚስትየዋ ከንፈሯ ከትራምፔቱ ጋር ሲንቀሳቀስ አልታወቃትም። ፖስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ጉልበቱ ላይ ይጫን ነበር፤ ሦስቱን የትራምፔት ቁልፎች፣ በየቦታቸው።

ጭብጨባው ሲመጣ መምህሩ ጋሽ ቧንቧን በእጁ አስነሳው። ጋሽ ቧንቧ ተነሳ፤ ከንፈሩን ገጥሞ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ እጅ ነሳ።

«ያ ሰውዬ ምነው?» አለች ባዕዷ ሴት ወደ ሚስትየዋ ጠጋ ብላ። «ሰው እንዲህ እያጨበጨበለት ፈገግ እንኳን አይልም። ተኳርፎ ነው?»

«ከሚስቱ ጋር ይሆናል» አለች ሚስትየዋ። «ሴትዮዋ አስቸጋሪ ናት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ይህን ብላ ራሷ ባለችው ነገር ሳቋ አመለጣት፤ እንደዚያ ማክሰኞ ቀን ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ጋሽ ቧንቧ ከመድረኩ አያት። ምን እንዳለች አልሰማም፤ ስለ እሱ መሆኑን ግን አላጣውም። የያዘው ከንፈር አልያዝ አለው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከነክፍተቱ ፈገግ አለ።

ፖስተኛው ከታች አየው። አንድም ጥርስ በሌለው አፉ፣ ሳይሸፍን፣ ፈገግታውን መለሰለት።