ጋሼ ቧንቧና ደም ግፊቱ

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ቧንቧ» ይለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ኮረብታው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ላይ እየወጣ ቫልቮቹን ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። አንዳንዴ ምሳ ላደርስለት እሄዳለሁ። ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ስሚ፣ የታችኛው ሰፈር ልብስ እያጠበ ነው» ይለኛል። እኔ እቴ፣ ምንም አልሰማም! ግን እሱ እንዲያ ሲሆን ከተማው ከታች ጭጋግ ለብሶ የሚያንቀላፋ ይመስለኛል፤ ምሳውም ይቀዘቅዛል።

ዘንድሮ በመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ደም ግፊቱ ሁለቴ ከፍ አለ። አለቃው፣ «በሦስተኛው ካልወረደ ታንከር የለም፤ ቢሮ ትቀመጣለህ» አለው። ጋሼን ቢሮ ማስቀመጥ ከነነፍሱ መቅበር ነው።

እሱም ብልሃት አገኘሁ ብሎ ውሃ መጠጣት ተወ። በቀን አንድ ብርጭቆ፣ በቃ!

«ውሃ ሲቀንስ ግፊት ይቀንሳል። ይሄን ደግሞ ለእኔ ሊነግሩኝ ነው?» አለኝ።

ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ በጄ አላለም። በሳምንቱ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፤ ሲነሳ ግድግዳ መያዝ ጀመረ።

በቀጠሮው ቀን እየደገፍኩ ወሰድኩት። ሐኪሟ ለካችው፤ አሁንም ከፍተኛ ነው። የውሃውን ነገር ሳላስፈቅደው ዘረገፍኩላት።

«አባቴ፣» አለችው፣ «በሰውነትዎም ውስጥ እንደ እርስዎ ያሉ ሠራተኞች አሉ፤ ነርቮች ናቸው። ውሃ ሲያጥር፣ አንጎልዎ ደም እንዳያጣ ብለው ልብን ያስሮጣሉ፤ የደም ሥሮችንም ያጠባሉ። ሰው ሲፈራም እንዲሁ ያደርጋሉ። ቧንቧ ከጠበበ ምን ይሆናል?»

«ግፊት ይጨምራል» አለ ጋሼ ቀስ ብሎ። «ወይ ጉድ! እኔው ነኛ ያስጨነቅኳቸው።»

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አጠጣችውና ግማሽ ሰዓት እንድንቀመጥ አደረገችን። መጋረጃው በነፋሱ ይነፋል፣ ይተኛል። በረዶ የነበረው እጁ እጄ ውስጥ ቀስ በቀስ ሞቀ። ደግማ ስትለካው ወረድ ብሏል፤ ግን አልበቃም።

«መድኃኒት እንጀምራለን፤ ለአንድ ወር ታንከር ላይ አይወጡም» አለች። «ግን አባቴ፣ ውሃውን ከመተውዎም በፊት ከፍ ብሎ ነበር። የሚያስፈራዎት ነገር አለ?»

«ጋሼ ደግሞ ምን ይፈራል!» ብዬ ጥልቅ አልኩ።

«አለ» አለ እሱ። «ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴን እፈራለሁ። በሩ ጋ ስደርስ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይበርዳል። ታንከሩ ላይ ስወጣ ብቻ ነው የሚለቀኝ።»

ቤቴ ከእሱ ቤት ሦስተኛው በር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «እንዴት አደርክ?» ስለው «ደህና» ይለኛል፤ እኔም አምኜ መንገዴን እቀጥላለሁ። አፈርኩ።

መንገድ ላይ፣ «ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድረው» አልኩት።

ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሳያየኝ፣ «ዛሬ ብቻ?» አለኝ።