ወይዘሮ አይሆንም

ስሙን ያወጡላት የአራዊት ጠባቂዎች ናቸው። በደረሰችበት ግቢ ሁሉ «ወይዘሮ አይሆንም መጣች» ይባባላሉ፤ የምትሰማቸው አይመስላቸውም። ትሰማለች። መጀመሪያ አካባቢ ታዝን ነበር፣ ኋላ ግን ለመደችው። አሁን አሁንማ ባሏም ተቀብሎት «ወይዘሮ አይሆንም፣ ቴሌቪዥኑን ልክፈት ወይስ አይሆንም?» እያለ ይቀልድባታል።

የእንስሳት ሐኪም ናት። ለረጅም ዓመታት ስታስተምር ኖራ ጸጉሯ መሸበት ሲጀምር ወደዚህ ሥራ ገባች። የምትሠራበት ድርጅት ከመንግሥትም፣ ከመካነ አራዊት ባለቤቶችም ያልወገነ ነው። ሥራው በየመካነ አራዊቱና ዓሣ በሚታይበት በየአኳሪየሙ እየዞሩ እንስሳቱ እንዴት እንደሚኖሩ ማየት፣ ደህና ከሆኑ የምስክር ወረቀት መስጠት፣ ካልሆኑ መከልከል ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው። ኑሮው ግን አውቶቡስ፣ የእንግዳ ማረፊያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀኑን ሙሉ አጥር ተደግፎ መቆም ነው። ሰው «እንስሳት አያስቸግሩሽም?» ሲላት «እንስሳ ምን አደረገ፤ የሚያደክመኝ ሰው ነው» ትላለች።

ያን ሰሞን የተላከችው ከዚህ ቀደም የምስክር ወረቀት ወደከለከለችው ግቢ ነበር። ያኔ ያስከለከላቸው የድብ ነገር ነው። አንዲት አሮጊት ድብ ጣሪያው በዝቅተኛ ቆርቆሮ በተከደነ የሲሚንቶ ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ግድግዳ ስትመላለስ ትውል ነበር። ጥግ ስትደርስ አንገቷን ወደ ላይ ቅልብስ አድርጋ ትዞራለች። ልጆች «ትጨፍራለች» ብለው ያጨበጭቡላታል። ጭፈራ ግን አልነበረም። ዕድሜውን በጠባብ ቦታ የጨረሰ እንስሳ መሄጃ ሲያጣ የሚይዘው አመል ነው።

አሁን አዲስ ቦታ ሠርተውላታል። ሸሚዙን ሁልጊዜ ተኩሶ የሚለብሰው ቀጭኑ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ዶክተር፣ ያሉትን ሁሉ ፈጽመናል። አፈር አሉ፣ አፈር። ዛፍ አሉ፣ ዛፍ። ኩሬ አሉ፣ ይኸው ኩሬ።»

«አያለሁ» አለች።

«እርስዎ ከከለከሉን ወዲህ ጎብኚ ራቀን። ትምህርት ቤቶች ቀሩ፣ ሠራተኛም አሰናበትን። እንደው ይህንንም ይወቁልኝ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ።» እውነቷን ነበር። ከተሰናበቱት ሴቶች አንዷ ስልኳን ፈልጋ አግኝታ አልቅሳባታለች።

የግቢው ሐኪም የቀድሞ ተማሪዋ ነው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ሆኖ በጥያቄ ፋታ የሚያሳጣት ልጅ ነበር። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣት፣ ዓይኑን ሳያነሳ «እንኳን ደህና መጡ» አለና ከኋላቸው ተከተለ።

ወንበር አስመጥታ አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ድቧ ከዛፉ ሥር ተጋድማለች። አልተመላለሰችም፤ አንገቷንም አልቀለበሰችም።

«ይኸው፣ ሰላም አገኘች» አለ ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ፈክቶ።

ዶክተሯም እውነት እንዲሆን ፈለገች። ደክሟታል። ባሏ የዓይን ሞራ ይዞት ቀዶ ጥገና የሚደረግለት በዚያው ሳምንት ነው፤ «አጠገብህ እሆናለሁ» ብላ ቃል ገብታለታለች። ይበቃል ብላ ፈርማ፣ የጠዋቱን አውቶቡስ ብትይዝ ማን ይጠይቃታል?

ዓይኗ ግን አልታዘዝ አላት። የድቧ የታች ከንፈር ተንጠልጥሏል። ዝንብ ዓይኗ ጥግ ሲያርፍ አልጨፈነችም። ጠባቂው ካሮት ሲወረውርላት ራሷን ከመሬት ለማንሳት የወሰደባት ጊዜ፣ አንድ ሰው የጫማ ክሩን ፈትቶ መልሶ ለማሰር የሚበቃው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ስልክ ለማናገር ፈንጠር ሲል ተማሪዋን በእጇ ጠራችው።

«ምን ሰጥተሃታል?»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞር ብሎ አየ።

«አልቆጣህም። ለቁጣ የሚሆን አቅም የለኝም። ምን ሰጠሃት?»

«ማረጋጊያ» አለ። «ትንሽ ነው። ለዛሬ ብቻ።»

«ማን አዘዘህ?»

«‹ያቺ ድብ ዛሬ ከተመላለሰች ነገ ሁላችንም ሥራ ፍለጋ እንመላለሳለን› ነው የተባልኩት። ትእዛዝ ይሁን ቀልድ እኔንጃ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ዶክተር፣ ቦታው የማስመሰያ አይደለም። አፈሩን አብረን ነው የቆፈርነው። ግን እዚህ ሁሉ ሜዳ መሃል ገብታ፣ የድሮ ክፍሏን ያህል ለክታ ነው የምትመላለሰው። ግድግዳው የለም፣ እሷ ግን ትዞርበታለች። ምን ላድርግ?»

ስታስተምረው ይህን የሚያድን መድኃኒት አላስተማረችውም፤ የለምና። እንስሳው ገና ልጅ ሳለ ካልተደረሰለት አመሉ አጥንቱ ውስጥ ይገባል።

በደንቡ ብትሄድ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እንስሳ አደንዝዞ ያሳየ ግቢ ይወድቃል፣ በቃ። ነገር ግን ድቧን ሳታያት፣ ቦታው ይበጃት አይበጃት ሳታውቅ መሄድ ከበዳት። ሥራ አስኪያጁ ሲመለስ ሁሉንም ነገረችው።

«መድኃኒቱ እስኪለቃት እቆያለሁ። ከዚያ ነው የማያት።»

ሰውየው ወደ ወጣቱ ሐኪም አየ፣ ወደ እሷ አየ፣ የተተኮሰ ኮሌታውን ነካ ነካ አደረገ። «ተነግሮናል፣ እርስዎ ልብ የለዎትም ተብሎ» አለ በዝግታ።

ከማረፊያ ክፍሏ ሆና ባሏ ዘንድ ደወለች።

«ልትቀሪ ነው» አለ፣ ገና ድምጿን ሲሰማ።

«እዚህ አንዲት ድብ አለች...»

«ግድ የለሽም፣ እህቴ ትወስደኛለች። ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የማየው የእሷን ፊት ነው፤ እንግዲህ እሱን መቻል ነው።» ሳቀ። ልትስቅ ሞከረች። ስልኩን ዘግታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ላይ ጋደም አለች።

መድኃኒቱ ሲለቃት ድቧ ተነሳች። ዛፉን አልፋ፣ ኩሬውን አልፋ ሜዳው መሃል ገባችና መመላለስ ጀመረች። ጥግ በሌለበት ጥግ ላይ አንገቷን ቅልብስ። ጠባቂው ቅጠል ሥር ለውዝ ሲቀብርላት ቆም ብላ ትቆፍራለች፣ ሲያልቅ ወደ መስመሯ ትመለሳለች። ተማሪዋ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

በቆይታዋ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ። ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ሲሸሽ ድቧ እርምጃዋን አቋረጠች። ከመስመሯ ወጣ ብላ ቆመች፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ውሃው በፊቷ ላይ እንዲወርድ ተወችው። ጠባቂው፣ ዶክተሯን ሲያይ ፊቱን የሚያዞርባት ሰው፣ ኮፍያውን አውልቆ «ከመጣሁ ጀምሮ ዝናብ ነክቷት አያውቅም» አለ። ዝናቡ እስኪያባራ አልተንቀሳቀሰችም። ሲያባራ፣ እንደረጠበች፣ ወደ መመላለሷ ተመለሰች።

ዶክተሯ ቦታው መልካም መሆኑን ጻፈች። ዝናቡንም ጻፈች። ማረጋጊያውንም ጻፈች። መጨረሻው ግን አይሆንም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አልጮኸም። «እንግዲያው እኛም በቃን» አለ፤ እንዳለውም ለምስክር ወረቀቱ ያስገባውን ማመልከቻ መልሶ ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ «እንስሳትን እንወዳለን» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ከጎኑ ራሳቸው ያሠሩት ማኅተም የመሰለ ነገር አለበት። ጎብኚው ተመለሰ። ማኅተሙን ማን እንደሰጠ የሚጠይቅ አልተገኘም። ከተሰናበቱት አንዳንዶቹም ወደ ሥራቸው ገቡ። ይህን ስትሰማ ደስ ይበላት ይክፋት አላወቀችም።

ወጣቱን ሐኪም የሙያ ማኅበሩ በማስጠንቀቂያ አለፈው። ከሥራ አላባረሩትም፤ በዚያ ደመወዝ ሌላ የሚመጣላቸው ስለሌለ ነው ይላል።

ከዚያ ጉዞ ቤቷ ስትደርስ የባሏ ፋሻ ተፈትቷል። ወንበሩ ላይ ሆኖ ትክ ብሎ አያት።

«አርጅተሻል» አለ።

«ድሮም እንዲህ ነኝ። አንተ ነህ ያላየኸኝ።»

«እንግዲህ ተይው ይህን ሥራ።»

«ምትክ እስኪያገኙ ቆዪ ብለውኛል።»

«አይሆንም አትያቸውም?» አለና ቦርሳዋን ተቀበላት።

ምትክ የተባለው ሰው አልተገኘም። ክረምቱ አልፎ ሌላ ከተማ ወዳለ አኳሪየም ስትሄድ፣ አውቶቡስ ተራ ቆማ ሳለ ስልኳ ጠራ። ተማሪዋ ነው።

«ዶክተር፣ ጠዋት ጠዋት በቱቦ ውሃ እናዘንብላታለን። ውሃው እስካለ ድረስ ትቆማለች። አስኪያጁ ስለ ውሃው ክፍያ ይጮሃል፤ ጠባቂው ግን እሱ ሳይመጣ ይጨርሳል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትመላለሳለች።»

«ሳታሰልሱ ቀጥሉ» አለችው። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ ቦርሳዋን አንስታ የአውቶቡሱን ደረጃ መውጣት ጀመረች።