ለማይመጣ እንግዳ የታሰርኩበት ሳምንት

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ነው። ጂንካ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተላላኪነትና በጽዳት እየሠራሁ ማታ ማታ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብዬ አልሆነልኝም። ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ የሰማሁት ነገር ደግሞ ንዴቴን እንደ አዲስ ቀሰቀሰው።

ፊደል የቆጠርኩት ሃያ ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። የተወለድኩት ከገዘር ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው፤ አፌን የፈታሁት በአሪኛ ነው። አማርኛ የለመድኩት ጂንካ መጥቼ በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ከቀበሌው ሴቶች ጋር ተመዘገብኩ። ሌሎቹ የምስክር ወረቀታቸውን ተቀብለው ሲያቆሙ እኔ ቀጠልኩ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ስምንተኛ ክፍል ደረስኩ። ብሔራዊ ፈተናውን ካለፍኩ መጥረጊያዬን አስቀምጬ መዝገብ ቤት እንደምገባ ተነግሮኝ ነበር። ቦታው ክፍት ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ተሰማ ይባላሉ። ሠናይት የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። እሷም በቀን ተማሪነት ስምንተኛ ክፍል ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራ ስለነበር፣ አባቷ ስብሰባ ወይም መስክ ሲሆኑ ቢሯቸው ውስጥ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ታጠናለች። ክፍሉን የምከፍትላት እኔ ነኝ። ጎበዝ ልጅ ነበረች፤ ሒሳብ ሲከብደኝ የምታስረዳኝ እሷ ነበረች።

ክፍሉ ውስጥ በእጅ የሚዞር ጥቁር ስልክ አለ። እጀታውን ስታዞሪው ስልክ ማዞሪያ ቤት ያለችው ሠራተኛ ታነሳና "ማንን ላገናኝ?" ትላለች። ልጆቹ የሚወዱት ከገበያው አጠገብ ያለው ቀበሌ መደወል ነበር። እዚያ ስልክ የሚያነሱት ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ስልኩ ሲጮህ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ተረከዛቸውን አጋጭተው፣ ከግድግዳ ወዲያ በሚሰማ ድምፅ "አብዮት ይቅደም! ቀበሌ!" ይላሉ።

"ጋሽ ወልዴ፣ ቁጭ ብለው ነው ያነሱት ወይስ ቆመው?" ትላቸዋለች ሠናይት ድምጿን አቅጥና።

"ቆሜ ነው! ማን ልበል?"

ልጆቹ ስልኩን ዘግተው ሆዳቸውን ይዘው ይንከባለላሉ።

አንድ ቀን ጠርቼ ነገርኳት። "ሠናይት፣ ይህ የመንግሥት ስልክ ነው። አንድ ቀን ጉድ ታመጪያለሽ።"

"እትዬ ማርታ ደግሞ! ፊታችን አይታይ፣ ማን ያውቀናል?"

እውነት መስሏት ነበር። ማዞሪያ ቤት ያለችው ወይዘሪት ጽጌ ግን ፊት ማየት አያስፈልጋትም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት እፊቷ ባለው ሣጥን ላይ የራሱ ቀዳዳ አለው፤ ሲደወል የዚያ ቀዳዳ ክዳን ይወድቃል፤ እሷም መስመሩንና ሰዓቱን መዝገብ ላይ ትጽፋለች። ይህን ለልጅቷ አላስረዳኋትም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ፈተናው አራት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ለልጆቹ ክፍሉን ከፈትኩላቸውና ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስት ደብዳቤ ይዤ ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሠናይት ቀበሌ ደወለች። በዚህ ጊዜ ድምጿን አላቀጠነችም፤ እንደ ጸሐፊ አወፈረችው እንጂ።

"ከአውራጃ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ታላቅ እንግዳ በአውሮፕላን ይገባል። ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰልፎ እንዲጠብቅ።"

ጋሽ ወልዴ "የምን እንግዳ?" አላሉም። መልሰው አስተዳደሩ ጋ ደውለው እውነት ነው ወይ ብለውም አልጠየቁም። በዚያ ጊዜ ትእዛዝ ደርሶት መልሶ የሚጠይቅ፣ ትእዛዙን እንደተጠራጠረ ይቆጠራል። ለቀበሌው ሊቀመንበር ነገሩ። ሊቀመንበሩም አልጠየቁም።

እኔ ሁለተኛውን ደብዳቤ አስፈርሜ ስወጣ የቀበሌ ጥበቃዎች ገበያውን እየበተኑ ነበር።

"ተነሱ! ሁሉም ወደ አውሮፕላን ሜዳ! ኋላ የሚቀር የለም!"

አንዲት የአገሬ ሴት ከተራራ ተሸክማ ያመጣችውን ጎመን ገና መዘርጋቷ ነበር። "ጎመኔን ማን ይጠብቅልኛል?" ብላ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀች።

"አብዮቱ ይጠብቅልሻል!" አላት ጥበቃው። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እኔም "ደብዳቤ እያደረስኩ ነው" ብል የሚሰማኝ አጥቼ ከሰልፉ ገባሁ። የአውሮፕላን ሜዳው ከተማው መሐል ያለ ሣር ነው፤ ሲግጡ የነበሩ ከብቶች ተባረው እኛ በቦታቸው ቆምን። አራት ሰዓት አለፈ። አምስትም አለፈ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቅቤ ይዘው የመጡ ሴቶች በቅል ያለው ቅቤ እየቀለጠ በእጃቸው ይወርዳል። አንዴ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ሊቀመንበሩ "መጣ! መጣ!" ብለው መፈክር አስጀመሩ፤ ሕዝቡም እጁን እያነሳ ተቀበለ። ከቁልቁለቱ ብቅ ያለው ከወይጦ በኩል የመጣ ኤንትሬ የጭነት መኪና ነበር። ሾፌሩ ያን ሁሉ ሕዝብ ሲያይ ደንግጦ ቆመ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን የአውራጃው አስተዳዳሪ ላንድሮቨር በዚያ አለፈና ቆመ።

"ምንድነው ይሄ?"

ሊቀመንበሩ ሰላምታ ሰጡ። "እንግዳውን እየጠበቅን ነው፣ ጓድ!"

"የምን እንግዳ?"

ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ተከተለ። ያ ሳቅ ነው ጉዳዩን ያባባሰው። አስተዳዳሪው ፊታቸው ሲጠቁር አይቻለሁ። ወደ ገበያው ስንመለስ የዚያችን ሴት ጎመን ፍየል ጨርሶታል። ግንዱን እየለቀመች ነበር።

ከቀትር በኋላ መጥተው ወሰዱኝ። ወይዘሪት ጽጌ መዝገቧን አሳይታ ስልኩ ከኛ መሥሪያ ቤት መደወሉን ተናግራለች። የዚያ ክፍል ቁልፍ ደግሞ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው፤ ጋሽ ተሰማና እኔ። ጋሽ ተሰማ ስብሰባ ላይ ነበሩ።

መርማሪው ወረቀት እያየ አነበበልኝ። በመንግሥት ባለሥልጣን ስም ሐሰተኛ ትእዛዝ ማስተላለፍ። ሕዝብ ማደናገር። በአብዮቱ ላይ ማላገጥ።

"ይሄ ቀልድ አይደለም፤ አሻጥር ነው። ወጣትነትሽ እዚሁ ሊያልቅ እንደሚችል ታውቂያለሽ? ማን ላከሽ?"

"እኔ አልደወልኩም፤ በሰዓቱ ክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም" አልኩ።

"ታዲያ ማን ነበረ?"

የሠናይትን ስም ለመጥራት አፌ አልታዘዘልኝም። በዚያ ዘመን የልጅ ስም ለመርማሪ መስጠት ምን ሊያስከትል እንደሚችል የኖረበት ያውቀዋል። አባቷ ሰምተዋል፤ ራሳቸው መጥተው "የኔ ልጅ ናት፣ ጥፋቱ የኔ ነው" ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

እሑድ መጡ። ዳቦና ብርድ ልብስ ይዘው ነበር። ጎንበስ ብለው በዝግታ አወሩኝ።

"ስሚ ማርታ፣ አንቺ የጭቁን ገበሬ ልጅ ነሽ፤ ማንም በክፉ አያይሽም። ሳላውቅ ስጫወት ነው ብለሽ ብትፈርሚ ገሥጸው ይለቁሻል። የኔ ልጅ ስም ከገባበት ግን ነገሩ ወደኔ ይዞራል። ጠላቶች አሉኝ።"

"ጋሽ ተሰማ፣ ረቡዕ ፈተና አለብኝ።"

"ፈተና በየዓመቱ አለ።"

"ያልሠራሁትን አልፈርምም።"

ብርድ ልብሱን ትተውልኝ ሄዱ። በዚያ ሌሊት አልለበስኩትም።

ሰኞ ለመርማሪው የልጅቷን ስም ነገርኩት። መስማት አልፈለገም። "አሁን ደግሞ በኃላፊሽ ልጅ ልታመካኚ ነው?" አለኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ደብዳቤ ሳደርስ ተቀባዩን ስሙን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱንም ጭምር ካልጻፈ አልለቀውም ነበር። ጸሐፊዎቹ "አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። የደብዳቤ ማስረከቢያ ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አስመጡልኝ አልኩት።

"ደብተር ደብተር አትበይ፤ እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም" አለኝ።

ማክሰኞም ጠየቅኩት። ረቡዕ ጠዋት እንደ ደወል ተማሪዎችን የሚጠራው የመኪና ቸርኬ ሲመታ እስር ክፍሉ ድረስ ተሰማኝ። የመጀመሪያው ፈተና አማርኛ ነበር። ሐሙስ ደግሞ ለሁለተኛው ቀን ፈተና ተደወለ። ሁለቱንም ቆሜ አዳመጥኩ። አላለቀስኩም፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ውትወታዬ ሲበዛባቸው ወይዘሪት ጽጌን ሰዓቱን እንድታረጋግጥ ጠሯት። መዝገቧን ዘረጋች፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል። ያኔ መርማሪው በግዱ ደብተሬን አስመጣ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ያለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ፈርሞልኛል።

ወይዘሪት ጽጌ እኔን አየችና ወደሱ ዞረች። "ደግሞስ ይቺን በድምፅ አውቃታለሁ። 'እባክዎ' ሳትል አንድ ቃል አታወራም። የደወለችው ልጅ ናት፤ ከኋላዋም የሚስቅ ነበር።"

"ታዲያ ቅዳሜ ለምን አልተናገርሽም?"

"የጠየቃችሁኝ የትኛው መስመር ነው ብላችሁ ብቻ ነዋ!"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለቀቁኝ። በር ላይ መርማሪውን ጠየቅኩት።

"ፋይሉስ?"

"ተዘግቷል። የልጅ ጨዋታ ነው።"

"ቅዳሜ አሻጥር ነው ብለውኝ ነበር።"

"ወደ ቤትሽ ሂጂ፣ እህቴ።"

እኔ ሳለሁበት አሻጥር የነበረው ነገር የኃላፊው ልጅ ስትገባበት ጨዋታ ሆነ። አንድ ስልክ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ሰዓት ነው። የተለወጠው ስም ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ሄጄ ለማስረዳት ሞከርኩ። "ለከርሞ" አሉኝ። የመዝገብ ቤቱ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሰኞ ሥራ ስገባ ጋሽ ተሰማ "እንኳን ወጣሽ" አሉኝና የሚታደሉ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። ሠናይት ቢሮ መምጣት አቁማ ነበር። በዓመቱ ተፈትኜ አለፍኩ፤ መዝገብ ቤት ለመግባት ግን አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ባለፈው ጥር ጂንካ አንድ ሠርግ ላይ ሠናይት እኛ ጠረጴዛ ተቀመጠች። አሁን የምትኖረው አርባ ምንጭ ነው፤ ልጆቿ ደርሰዋል። ወሬ ሲደራ ተነስታ ተረከች። የጋሽ ወልዴን ተረከዝ አጋጨች፣ የሊቀመንበሩን "መጣ! መጣ!" አለች፣ የኤንትሬውን ሾፌር ድንጋጤ አሳየች። ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። "የጂንካን ሕዝብ በአንድ ስልክ ያሰለፍኩ እኔ ነኝ!" አለች።

"መጨረሻውንም ንገሪያቸው እንጂ" አልኳት።

"መጨረሻው ምንድነው? አባዬ በጥፊ አለኝ፤ እስከ ፈተናው ድረስ ከቤት እንዳልወጣ ቆለፈብኝ። በቃ።"

"እኔ ሰባት ቀን ታሰርኩ። ፈተናው አለፈኝ።"

እጇ አየር ላይ ቀረ። "አንቺ? አባዬ እናቷ ታማባት ገዘር ሄደች ብሎኝ ነበር እኮ!"

እውነቷን እንደነበር ፊቷ ይናገር ነበር። በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጣች። ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ ነበር። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ተቀበልኳት። ነገሩን ለምን እንደደበቁባት አባቷን ጠይቃቸው ኖሯል። መልሳቸውን ስትነግረኝ አቀርቅራ ነበር።

"ፈተናሽን እንዳይረብሽሽ ብዬ ነው አለኝ።"

የሷ ፈተና እንዳይረበሽ!

ሠናይት መታሰር ነበረባት እያልኩ አይደለም። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ያ ሕግም ለልጅ የሚራራ ሕግ አልነበረም። አሁንም ልጆች ፖሊስ ጋ ደውለው እሳት ተነሳ፣ ሰው ሞተ እያሉ ሲስቁ እሰማለሁ። ወላጆቻቸው "ልጅ ነው፣ ምን ያውቃል" ይላሉ። ልጁ ላያውቅ ይችላል። ነገር ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሕጉ አንድ ሰው ፈልጎ መያዙ አይቀርም፤ የሚይዘውም የሳቀውን ላይሆን ይችላል። ይህን ለልጁ መንገር የወላጅ ፈንታ ነው። ጥፋቱ ሲመጣም ቀድሞ "የኔ ልጅ ነው" ማለት የወላጅ ፈንታ ነው።

ጋሽ ተሰማ አሁን በጣም አርጅተዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንስተው "ማርታዬ፣ ደህና ነሽ?" ይሉኛል። ይህን ሁሉ ዓመት "ደህና ነኝ ጋሽ ተሰማ" እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። ከጥር ወዲህ ግን አልመልስም፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ይቅር በያቸው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይቅርታ የጠየቀችኝ ልጃቸው ናት፤ ይቅር ብያታለሁ። እሳቸው ገና አልጠየቁኝም።